የግድግዳው ውፍረት

ሪጋ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አምስተኛ ፎቅ፣
ኦያርስ ወለሉን በሜትር ሲለካ፣ ቪዝማ በር ላይ ስትጠብቅ፣
"ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ ሊፍቱ ከሠራ እሰየው፤
ለሲያም ድመት ይበቃ ይሆን? እስኪ ነይ አንቺም እይው።"

ቅዳሜ በባቡር ዬልጋቫ ሄደው ነበር፣
ድመት ከምታረባው ከቢሩታ በር።
ሴትዮዋ አትሸጥም ዝም ብሎ ለመጣ፤
ጠየቀቻቸው ቁጭ አድርጋ፣ ሻይም ሳታጠጣ፦
"ማነው ቤት የሚውለው? ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?
መጋረጃ ትወዳላችሁ? እንግዲያው አዘንኩላችሁ።
መስኮቱ መረብ አለው? እንቅልፋችሁስ እንዴት ነው?
ይህ ዘር ጭን የሚያሞቅ ትራስ አይደለም፤ ወሬኛ ነው።
ጠዋት ያወራል፣ ማታ ያወራል፣ ሽንት ቤት ተከትሎ ያወራል፣
ብቻውን ውሎ ካመሸ እህል ሳይቀምስ ያድራል።
ድምፁም ደግሞ …" አለችና መነጽሯን አወለቀች፣
"ቁርጥ የሕፃን ለቅሶ ነው።"
                    ቪዝማ ጓንቷን አጠለቀች።

በባቡር ሲመለሱ ማንም ማንንም አላየ፣
ባቡሩም እንደ ልማዱ ኦላይኔ ላይ ዘገየ።
ኪሱ ውስጥ ፎቶዋ አለ፤ ፊቷ ጥላሸት የነካው፣
ዐይኗ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የማይለካካው።
"የፋርስ ድመት ብንይዝስ?" አለ ኦያርስ፣ "ዝም የሚል፣
ሶፋ ላይ እንደተጣለ ሹራብ፣ ካስቀመጡት የሚውል።"
"ለዚያማ እኛው እንበቃለን" አለች።

እሑድ ማታ ወረቀት ለሁለት ከፈለና፣
"ይሁን" በቀኝ፣ "ይቅር" በግራ፣ መጻፍ ያዘ ተቀመጠና።
ይሁን፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት አለሁ።
ይሁን፦ ከመርከብ ሞተር ጋር ሠላሳ ዓመት ጮኼያለሁ።
ይቅር፦ የሐኪም ሒሳብ። ይቅር፦ የሶፋው ልብስ።
ይቅር፦ በጋ ባሕር ስንሄድ ማን ያያታል እስክንመለስ?
(ይህቺን ሰረዛት፤ ባሕር ከሄዱ ብዙ ዘመን አልፏል።)
ይቅር፦ "ግድግዳው …" ብሎ ጀምሮ፣ ወረቀቱን አጥፏል።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል ሰምቻለሁ፤
ቤት ግን መንኩሶ አመሉን ሲረሳ አይቻለሁ፦
ለሁለት ሰው የሚበቃ ድስት፣ ራዲዮ እንደ ጸሎት ዝቅ፣
በር ሲዘጋ ቀስ፣ ጫማ ሲወልቅ ቀስ፣ ሳል እንኳ ሲመጣ ጭንቅ።

የዚህ ሕንፃ ግድግዳ ደግሞ ግድግዳ አይባልም፤
አውስትራ ስታነጥስ "ይማርሽ" የማይል ጎረቤት የለም።
እሷም መጥረጊያ አላት፣ እጀታው የዞረ ወደ ግድግዳ፤
ራዲዮ ከፍ ያለ እንደሆን፣ ወይ ያመሸ እንደሆን እንግዳ፣
ትደልቃለች።

"ልጠይቃታ" ብላ ቪዝማ ማርማላታ በጠርሙስ ያዘች፣
ጫማ እንኳ ሳታጠልቅ በካልሲዋ ተጓዘች።
"ድመት ልናመጣ አስበን … ጩኸታም ናት አሉን … እንደ …"
                    ሳትጨርሰው ቀረች፤
አውስትራ ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስታ መረመረች።
"ስኳር በዝቶበታል" አለች። ከዚያም ቆይታ፣ ቆይታ፣
"ሰማሽ፣ ይህ ግድግዳ ያወራል ጠዋትና ማታ።
ማንኪያችሁን፣ ቧንቧችሁን፣ የባልሽን ሳል እሰማለሁ፤
ያን ትንሽ አልጋ ሲገጥመው መዶሻውን ሰምቻለሁ።
ሲፈታውም ሰምቻለሁ።
ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ዝምታችሁን ሰማሁት፤
ስንት ሌሊት መጥረጊያ አንስቼ ምኑን እንደምደልቅ አጣሁት።"

ተመልሳ ገባች። ኦያርስ ሜትሩን እንደያዘ ነው።
"ምን አለችሽ?" "ስኳር በዝቶበታል።" "ሌላስ?" "ሌላው ያው ነው።"
የታጠፈውን ዘረጋችው፤ "ግድግዳው …" ካለው ቀጥላ
"ስስ ነው" ብላ ጨመረች፤
ቀስት አሥምራ ከ"ይቅር" ወደ "ይሁን" አሻገረች።
"ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ማን ይነሣላታል?" አለች።
ሜትሯ ከእጁ አመለጠች፣ ጠቅ ብላ ተጠቀለለች።
"እኔ" አለ። "በተራ" አለች። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ
አንድ ማንኪያ ጠርሙስ ነካ። ውጭው ያው ነው፣ በረዶ።